ከክርን ወዲህ

ጥር 6

መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ።

ይኸው ጻፍኩት። ስድስት ዓመት ለማንም ያልተነፈስኩት። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ከድሩ ቦክሰኛው ምንም ሳልነካው ዘርሮ እንደጣለኝ ነው። እንደዛ ብዬ ነው የነገርኳቸው። ለጎረቤት… ለለቀስተኛው… ለልጄ ለሂያም። ያኔ አስራ አራት ዓመቷ ነበር። አመነችኝ።

ዛሬ ለምን ተነሳብኝ? ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነው የጀመረው። ከጅቡቲ የገባ ተሳቢ ሸራው ተተርትሮ አመጡልኝ፤ ባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ዘርግቼ ስሰፋ ዋልኩ። መሬቱ አንዴ ነቅነቅ አለ። ከጎኔ ሻይ የምትሸጠው ባይሽ ማንቆርቆሪያዋን በእጇ ደግፋ «የዛሬውስ ልስልስ ያለ ነው» አለች። አዋሽ ሰባት ኪሎ እንዲህ ሆነናል፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ መሮጥ ትተናል።

ከአስር ሶላት ስመለስ ሂያም ደወለች። ሰመራ ነው የምትማረው።

«አባ፣ አገኘሁት።»

«ማንን?»

«ከድሩን! እዚሁ ነው ያለው። አዳራሽ ተከራይቶ ቦክስ ያሰለጥናል። በሩ ላይ ቆሞ አየሁት… ይስቃል አባ። ጥርሱ ሁሉ አለ።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። «እኔ ወንድ ብሆን ኖሮ…» አለችና ዘጋችው።

ጥርሱ ሁሉ አለ። የኔ ሁለቱ የሉም። እናቷም የለችም።


ጥር 8

እንዴት እንደነበር ልጻፈው። አንዴ ከጀመርኩ።

ኑርሀያት ፅንሱ ጨነገፈባት። ደሙ አልቆም አለ። ጤና ጣቢያ «አዳማ ይዘሃት ሂድ» አሉኝ፤ አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ወጥቷል። ደግፌ መናኸሪያ አደረስኳት። የሚወጣው አንድ ሚኒባስ ነበር፣ እሱም ሞልቷል። ተራ አስከባሪው ከድሩ። ድሮ በክለብ ይቧቀስ የነበረ… ክንዱ ረጅም፣ አንገቱ ወፍራም። ለመንኩት። ጮህኩበት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አየኝና ሰው ሁሉ እየሰማ «ምን ያንዘፈዝፍሃል? የታመመችው እሷ ናት ወይስ አንተ?» አለ።

ሰው ሳቀ።

ያኔ መታሁት። ልጅ ሆኜ ኮምቦልቻ ዊንግ ቹን የሚባለውን የቻይና ፍልሚያ ተምሬአለሁ። ላሳየው ፈለግኩ። ከሩቅ ዘልዬ… ፊልም ላይ እንዳለ ሰው። ደረቱን ነካሁት ብል ነው። የሱ የመጀመሪያው አፌ ላይ አረፈ። ሁለተኛውን አላየሁትም።

ስነቃ ጭንቅላቴ ኑርሀያት ጭን ላይ ነው። አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ በሻሿ ጫፍ አፌን ትጠርጋለች። ደሟ የሚፈሰው እሷ… የምትጠርገው እሷ። ሚኒባሱ ሄዷል። ሌላ እስኪገኝ ጀንበር ዘቀዘቀች። መተሃራን እንዳለፍን እጇ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ከድሩ በማግስቱ ከአዋሽ ጠፋ። እኔም ለሰው ሁሉ አንድ ታሪክ ነገርኩ።


ጥር 10

ወሰንኩ። ረመዳን ሳይገባ።

ይሄን ሰውዬ በልቤ ይዤ ስድስት ረመዳን ጾምኩ። ሱሁር ላይ እሱ፣ ኢፍጣር ላይ እሱ። ሰባተኛውን አልደግመውም። ሄጄ እጥለዋለሁ፤ ለሂያምም ደውዬ ነገርኳት። ልጄ ፊት ቀና ብዬ እሄዳለሁ።

አሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ አሸዋ ሞልቼ ከጓሮ ግራር ላይ ሰቀልኩት። ፊቱ ቆምኩ። እጄ ምን ያስታውሳል?

ያስታውሳል።

ማስተር ይመር ከዱቄት ወፍጮው ጀርባ ነበር የሚያስተምረን። «ይሄ የቅርብ ጥበብ ነው፤ ሥራችሁ ሁሉ ከክርን ወዲህ ነው» ይለን ነበር። እጅህን ሰውዬው እጅ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ዓይንህን በጨርቅ ያስሩሃል፣ ሊገፋህ ሲያስብ በእጅህ ትሰማዋለህ። አንድ ቀን ስለ ቦክሰኛ ጠየቅነው። «ቦክሰኛ ፊት ሁለት ቦታ አላችሁ። ወይ ጨርሶ እጁ የማይደርስበት፣ ወይ ደረቱ ላይ ልጥፍ። መሃሉ የሱ ቤት ነው። እዛ ቆማችሁ እንዳታስቡ።»

እኔ እዛ ቆሜ ነበር ያሰብኩት።

ክንዴ ግን አልከዳኝም። ሸራ ላይ ወስፌ ሲገፋ የኖረ ክንድ ነው። ካላማዳሪውን ከቅርብ ሳገኘው ግራሩ ይነቃነቃል።


ጥር 15

ፍቅረሰላም ዛሬ ገባ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ሸራውን ከኔ በቀር ለማንም አይሰጥም። ክንዱ እንደ ከድሩ ረጅም ነው። ለዛ ነው የፈለግኩት።

«ቦክስ ትችላለህ?» አልኩት።

«ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ ገብቼ ነበር። መመታቱን ጨርሼ መምታቱ ሳይደርሰኝ አባቴ ጎትቶ አስወጣኝ።»

«ምታኝ።»

«ሼኩ፣ ጤነኛ ነህ?»

«የመቀመጫህን ስፖንጅ እጅህ ላይ ጠምጥምና ምታኝ።»

ለምን እንደሆነ ነገርኩት። የከድሩን ስም ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ታሪኩን ያውቃል… እኔ የነገርኩትን ታሪክ። «እንግዲያው አልራራልህም» አለና ስፖንጁን ሊያመጣ ወደ ጋቢናው ወጣ።

ከአሮጌዎቹ ፉርጎዎች ጀርባ ሄድን። ወይኔ! ግራ እጁ ብቻ አላስጠጋ አለኝ። ልግባ ስል አፍንጫዬ ላይ ነው። ወደ ኋላ ስል ጆሮዬ ላይ። ባይሽ ብርጭቆዋን ልትሰበስብ መጥታ ቆማ አየችን።

«ትጨፍራላችሁ ወይስ ትጣላላችሁ?»

«እየተማርን ነው» አላት ፍቅረሰላም።

«በዚህ ዕድሜ? ኧረ በማርያም፣ አንዳችሁ ሳትሞቱ የሻዬን ክፈሉ።»

ወደ መጨረሻው ላይ ደከመውና ክብደቱን ሁሉ ጥሎብኝ ጥምጥም አለብኝ።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩት።

«ቦክሰኛ ሲጨንቀው ያቅፋል። ዳኛው እስኪለያየን ትንፋሽ እንሰበስባለን።»

«ዳኛ ከሌለስ?»

አሰበ። «እንጃ። ዳኛ የሌለበት ገብቼ አላውቅም።»

ይሄን አልረሳውም።


ጥር 19

አፍንጫዬ። የፍቅረሰላም ግራ እጅ። አልሐምዱሊላህ፣ አልተሰበረም።


ጥር 21

ዛሬ ገባኝ። እስከ ዛሬ የሚመጣውን ቡጢ ነበር የማሳድደው። አይያዝም። ዛሬ ተውኩት። ግንባሬን ሰጠሁት… አጥንት ነው፣ ይችላል። እጁ መትቶ ሲመለስ አብሬው ገባሁ። ፍቅረሰላም ቀና ሲል ደረቱ ላይ ነኝ፣ ሁለት እጁን በአንድ እጄ ይዤዋለሁ።

«ከየት መጣህ አንተ ሰውዬ?»

«አንተው ነህ ያመጣኸኝ።»

ማስተር ይመር «የሚመለስ እጅ በሩን ሳይዘጋ ነው የሚሄደው» ይል ነበር።

በር…

ስለ በር ዛሬ አልጽፍም።


ጥር 23፣ አርብ

ከጁምዓ ስንወጣ መስጊዱ በር ላይ ሰው ይጠያየቃል። ባለ ሱቁ መሀመድአሚን ያዘኝ። እኛ ወሎዬዎች ሰላም ስንባባል ቀኝ ለቀኝ ተያይዘን አንዱ የሌላውን እጅ ይስማል፣ ከዛ ይገለበጣል፣ ሌላው ይስማል። ልጅ፣ ከብት፣ ዝናብ፣ ሁሉም ተጠይቆ እስኪያልቅ እጅ አይለቀቅም። መሀመድአሚን ስለ ወንድሙ እያወራኝ ድንገት እጄን አየሁት። ግራ እጄ ሳላዘው ሄዶ ክርኑ ሥር ገብቷል።

ቀዘቀዝኩ።

ከድሩም የከሚሴ ልጅ ነው። የተዘረጋ እጅ አይመልስም፣ አይችልም፤ እንደዛ አላሳደጉትም። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዴት ልግባ፣ እንዴት ልግባ… እሱ ራሱ ቀኙን አውጥቶ ይሰጠኛል! ራሱን ዝቅ አድርጎ እጄን ይስማል። ያኔ ክርኑ መዳፌ ላይ ነው። አንድ ግፊት። ያ ክንድ ዳግም ቡጢ አይወረውርም።

አሰላሙ አለይኩም ብዬ እገባለሁ።

መንገዱን እየሳቅኩ ነው የመጣሁት። ቤት ገብቼ ዱአ ላደርግ መዳፌን ዘረጋሁ። ምን ብዬ ልለምን? ፊቴን አብሼ ተነሳሁ።


ጥር 27

የአፋር ሽማግሌ ለቤታቸው ጣሪያ የሚሆን የሸራ ቁራጭ ሊያስጠግኑ መጡ። እንደ ደንባቸው መጀመሪያ ዳጉ፣ ወሬ መለዋወጥ ነው። እሳቸው የዘነበበትን፣ የሞተውን፣ የተጋባውን ነገሩኝ። ከዛ ተራዬ ደረሰ። አፋር ወሬ ሲጠይቅህ መዋሸት ነውር ነው፣ ሌላው ሰው በሱ ላይ ተመርኩዞ መንገድ ይሄዳል።

«አንተ ዘንድ ምን አለ?»

«ሰመራ ልሄድ ነው። ከድሩ የሚባል ቦክሰኛ ጋ።»

«ምን አላችሁ?»

ወስፌውን ሸራው ላይ ሰካሁ። ጠበቁኝ።

«ደም ነው?» አሉ።

«ደም ነው» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸራውን ተቀብለው ሄዱ። አፌን ምን ከፈተው? ሽማግሌ ናቸው፣ በርሃ ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ማን ያገኛቸዋል…


የካቲት 3

ሂያም ደወለች። አንድ ክፍል የምታድር ጓደኛዋ አፍናን ሁሌ «አባትሽ መቼ ነው የሚመጣው» ትላታለች አሉ። ለሷም ነግራታለች ማለት ነው።

«አባ፣ ፈራህ እንዴ?»

«አልፈራሁም።»

«በፊቱ ሳልፍ እተፋለሁ። አንድ ቀን ቀና ብሎ አየኝ። አንገቱን ደፋ። ያወቀኝ ይመስለኛል፣ እማዬን እመስል የለ? እናቴን ገድሎ እንዴት ነው አንገቱን የሚደፋው? ፊቴን የማየት መብት አለው?»

«የለውም» አልኳት።

የለውም አልኳት። እኔ።

እንግዲህ በሩን ልጻፈው።

ከድሩ «የታመመችው እሷ ናት ወይስ አንተ?» ሲል እጁ ምን ላይ ነበር? የሚኒባሱ የፊት በር ላይ። እየከፈተው ነበር። አንዱን ወጣት ከጋቢናው ወንበር አስነስቶ፣ በሩን ወለል አድርጎ «ግቢ እህቴ» ብሏታል። ስድቡ ለኔ ነበር፣ ወንበሩ ለሷ። ያሰብኩት ሁሉ ተሳክቶልኝ ነበር! ዝም ብል… ስድቡን ውጬ ባስገባት…

ሰው ስለሳቀብኝ ብቻ።

ያዩት መንገደኞች በየፊናቸው ሄደዋል፤ ከኔ ሌላ ይሄን የሚያውቅ የማውቀው ሰው አንድ ነው። እሱም ሰመራ በር ላይ ቆሞ ይስቃል። ለዛ ይሆን እንዲህ የምጠላው?

ይሁና። ያም ሆኖ ጠላሁት። ሁለተኛውን ቡጢ ባይጨምረው ተነስቼ አስገባት ነበር። የወደቀ ሰው ይመታል? አንዱ አይበቃውም ነበር?


የካቲት 9

ሱጁድ ላይ ግንባሬ መሬት ነክቶ ክርኑን አሰብኩ። አስተግፊሩላህ። ቀና ብዬ ተመለስኩ። ደግሞ አሰብኩት።


የካቲት 15

ሰመራ ገባን። በፍቅረሰላም መኪና። ገዋኔ፣ አዳይቱ፣ ሚሌ… መንገዱ ላይ ጭነቱን ሊያይ ሲወርድ ሁሉ እኔም ወርጄ ከጎማው ጋር ክንዴን አጋጫለሁ። አዳይቱ ላይ ፍየል የሚነዱ አፋሮች ቆመው አዩኝ፤ አንዱ ለሌላው የሆነ ነገር ነገረው።

«ሙእሚኔ» አለ ፍቅረሰላም መሪውን እንደያዘ፣ «ከጣልከው በኋላስ?»

«ምን ከጣልከው በኋላስ?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

ትንሽ ቆየና «እኔ ከበሩ አልርቅም» አለ። «ግን እሱ ካሸነፈህ ተሸክሜህ አልሄድም፣ ወገቤን ያመኛል።»

እዚሁ አጠገብ ሎጊያ አልጋ ያዝን። ነገ ከሱብሂ በኋላ፣ ሙቀቱ ሳይመጣ። መድረሳችንን ለሂያም አልነገርኳትም። ጨርሼ ነው የምነግራት።


የካቲት 16

መታሁት።

እጄ አብጦ ብዕሩን በደንብ አይዝም። ግን ዛሬውኑ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ታሪክ አደርገዋለሁ። ለምዶብኛል እኮ።

የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። የአሸዋ ከረጢቶች ተንጠልጥለዋል። ብቻውን ነበር፣ ውሃ ረጭቶ ወለሉን ይጠርጋል። ሸብቷል። ቀና ብሎ አየኝና መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፈ። ከዛ ቀኙን ዘርግቶ ወደኔ መጣ። እሱ ነው የመጣው።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ሙእሚን። ዘገዩ እኮ። ጠብቄ ጠብቄ ይቀራሉ ብዬ ነበር።»

ያኔ አንተ ያለኝ ሰው አንቱ አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«አፋሮቹ ናቸዋ። የአዋሹ ሸራ ሰፊ ከከድሩ ጋር ደም አለኝ ብሏል አሉኝ።»

ፍቅረሰላም ከበሩ ላይ ሳቁ አመለጠው። «ለአፋር ነግረህ ነው በሚስጥር የመጣኸው?»

ለደም እንደመጣሁ እያወቀ እጁን ሰጠኝ። ያዝኩት። አጎንብሶ እጄን ሳመ። ገልብጬ እጁን ሳምኩ። ግራ እጄ ክርኑ ሥር ገባ፣ ልክ እንዳሰብኩት። ሰማሁት። ማስተር ይመር ያስተማረኝ መስማት ነው። ክንዱ ውስጥ ምንም የለም። አልጠነከረም፣ አልሸሸም። እንደ ተኛ ልጅ ክንድ።

አንድ ግፊት ነበር የቀረኝ።

አፌ ግን «ወአለይኩሙ ሰላም» ብሎ ጨርሶ ነበር። ሰላም ላንተም ይሁን ብዬ… በዛው እጅ?

ለቀቅኩት። እጁ የማይደርስበት ድረስ ወደ ኋላ ተራመድኩ።

«ሰላምታው አልቋል» አልኩት። «አሁን እጅህን አንሳ።»

«ይምቱኝ። አልከላከልም።»

«ቆሞ የሚመታልኝ ካላማዳሪ ቤቴ አለኝ።»

አየኝ። ከዛ ፈገግ አለ። ያ ጥርስ። «እንግዲያው ከሩቅ አትጀምር። ያኔም ጥፋትህ እሱ ነበር።»

አንቱታው ቀረ። ደስ አለኝ።

ፍቅረሰላም ያሳየኝ ግራ እጅ ከሆነ ይሄኛው ምንድነው? አይታይም። የመጀመሪያው ቅንድቤን ከፈተው። ሁለተኛው እዛው ላይ። ደሙ ዓይኔ ገባ፣ በአንድ ዓይን ቀረሁ። ሄድኩበት፣ የለም። እግሩ ቀላል ነው፤ ሸበተ እንጂ አልከበደም። ጎኔን አገኘኝ፣ እስካሁን ስተነፍስ ይወጋኛል። መሃል ላይ ነኝ፣ እሱ ቤት። እንደ ያኔው። ልክ እንደ ያኔው…

እዛ ቆመህ አታስብ።

ቀጥሎ የመጣውን ግንባሬን ሰጠሁት። አንገቴን ቆልፌ። ጆሮዬ ጮኸ። እጁ ሲመለስ አብሬው ገባሁ። ክንዴ ክንዱ ላይ ተለጠፈ፣ እግሬ ከእግሩ ኋላ። ከዛ በኋላ ዓይን አላስፈለገኝም። ቀኙን ሊያዞር ሲያስብ በእጄ ሰማሁትና ጨቆንኩት። ደረቱ፣ አገጩ፣ ደረቱ። አጭር አጭሩን፣ ወስፌ እንደምገፋው። ክርኔ አፉን አገኘው።

ጨነቀው። አቀፈኝ። ክብደቱን ጣለብኝ፣ አገጩን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ትንፋሹን ሰማሁት። ጠበቀ። ዳኛውን ነበር የሚጠብቀው! ሰውነቱ የተማረው እሱን ነው፤ አንድ ሰው መጥቶ እስኪለያየን።

ማንም አልመጣም።

መዳፌን አገጩ ሥር ሽቅብ አስገባሁት። ወደቀ።

ደስ አለኝ። አላህ የሚያውቀውን ለምን እደብቃለሁ? ጀርባው መሬት ሲነካ እስከ እግር ጥፍሬ ደስ አለኝ። ጉልበቴን ደረቱ ላይ አድርጌ ቡጢዬን አነሳሁ። እሱ ያኔ ሁለተኛውን ጨምሮ የለም? እኔም እጨምራለሁ። ከንፈሩ ተቀዷል። በደሙ መሃል «በሩን ግን ከፍቼ ነበር» አለ።

አልጮኸም። አልለመነም። እንደ ወሬ ነው የነገረኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

እጄ እዛው ላይ ቀረ። አላወርደው፣ አልመታበት። አፉ በደም ሞልቶ ሲያንቀው ሳይ ነው የወረደው። ጭንቅላቱን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩና ወደ ጎን አዞርኩት። በሽርጤ ጫፍ አፉን ጠረግኩ። ወለል ላይ ቁጭ ብዬ። ኑርሀያት እንዲህ ነበር ያደረገችኝ… ይሄን ስታደርግ ምን እያሰበች ነበር? ሚኒባሱ ሲሄድ እያየች ነበር?

ፍቅረሰላም መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። «የምን በር ነው?» አለ።

«የሚኒባስ» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

ከድሩ ሲነሳ ጥርሱን በምላሱ ዳሰሰ። አንድ ጎድሏል። «ረመዳን እየገባ ነው» አለ። «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ሁለተኛውን መምታት አልነበረብኝም።» 

«አፉ ብዬሃለሁ» አልኩት። እኔስ? አፉ በለኝ አልኩት? አላልኩም። አፌ እንቢ አለኝ።

ከሰዓት ሂያም መጣች። ቅንድቤን አይታ ቆመች።

«መታኸው?»

«መታሁት።»

«ወደቀ?»

«ወደቀ።»

«ጥርሱስ?»

«አንድ።»

ያበጠ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ሳመችው። ገልብጣ መዳፉንም ሳመችው። «እማ ዛሬ ታርፋለች» አለች። እያለቀሰች ትስቃለች። እንዲህ አይታኝ አታውቅም፤ እንደ ትልቅ ሰው። ስድስት ዓመት የፈለግኩት ይሄ ነበር።

እጄ እሷ እጅ ውስጥ እያለ አሳከከኝ። ልነጥቃት ምንም አልቀረኝም።


የካቲት 18

ቁስሉን የምታጥበው ሂያም ናት። በየቀኑ ትመጣለች። ከነጓደኛዋ። አፍናን «ጀግና አባት ነው ያለሽ» አለቻት፣ እኔ እየሰማሁ።

ከድሩ ላይ አንድ ቡጢ ቀርቶኝ ነበር። ያልመታሁት። የማን ድርሻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የራሴ።


የካቲት 21፣ አርብ

ነገርኳት።

አዋሽ ገብቼ ነው የምጽፈው። ፍቅረሰላም ወደ ጅቡቲ ስለወረደ በሕዝብ መኪና ነው የመጣሁት። ልትሸኘኝ መናኸሪያ ድረስ መጣች። ዳቦ በፌስታል ይዛልኛለች። መኪናው እስኪሞላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ተራ አስከባሪው ይጮሃል። ከዚህ የባሰ ቦታ አጥቼ ነው? እንጃ። ምናልባት እዛ ስለሆነ ነው የወጣልኝ።

«ሂያም፣ በሩ ተከፍቶ ነበር።»

«የቱ በር?»

«የሚኒባሱ። ከድሩ ከፍቶላት ነበር። ወንበር አስለቅቆላት ነበር። እኔን ሰደበኝ፣ ሰው ሳቀ፣ መታሁት። መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ።»

መኪናውን ታያለች። ፊቷን አልሰጠችኝም። የሆነ ሰው ሻንጣ እየጎተተ በመሃላችን አለፈ።

«እማ በሩ እንደተከፈተ አይታለች?»

ይሄን እዚህም አልጻፍኩትም ነበር። ለራሴ እንኳን።

«አንድ እግሯ ደረጃው ላይ ነበር» አልኳት። «ስወድቅ አወረደችው።»

ዳቦውን ጭኗ ላይ ይዛ ፌስታሉን ቋጠረች፣ ፈታች። ከዛ «ተፍቼበታለሁ» አለች። «በየቀኑ ነው የተፋሁበት አባ።»

«አውቃለሁ።»

«አንገቱን ይደፋ ነበር።»

«አውቃለሁ ልጄ። አፉ በይኝ።»

ተራ አስከባሪው «አዋሽ! አዋሽ አንድ ሰው!» አለ። ተነሳሁ። ፌስታሉን ሰጠችኝ። «ቅንድብህን ውሃ እንዳታስነካው» አለች። ድምጿ የእናቷን መሰለኝ።

ቀኟን ዘረጋች። ያዝኩት። አጎንብሼ እጇን ሳምኩና ለሷ ገለበጥኩላት።

ያበጠውን እጄን ይዛ ቆየች። አየችው።

አልሳመችውም። ቀስ ብላ ለቀቀችው።